ሃያ ስምንት ቀን

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውሃው ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ደረጃው ግን አያልቅ።
ሰባ ሁለት ነው። ቆጠርኩት፣
ከሆስፒታል በተመለስኩ ለት፣
በናሆም ትከሻ፣ በየአራቱ እየቆምኩ፣
ሆዴን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው በሁለት እጄ እየጠበቅኩ።

ጎረቤት ጀሪካን ይዛ ስትወርድ
"ምኗን ነው?" ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
"ትርፍ አንጀት" ትላለች እናቴ፣ ፈጥና፣ ሳትጠየቅ ደግማ።
ትርፍ አንጀት አያሳፍርም።
ትርፍ አንጀት ባል አያሳጣም።

የኔው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስም አልነበረውም፤
"የሴት ነገር ነው" ነበር ምርመራው፣
"ስትወልጂ ይተውሻል" ነበር መድኃኒቱ።
ዳማከሴም ጠጣሁ፣ ጠበልም ጠጣሁ፣
ፍል ውሃ በሃይላንድ አቅፌ ስንቱን ሌሊት አነጋሁ።
ፈተና ላይ ሁለቴ ወደቅኩ፤
በውጤት አይደለም፣ በመሬት።
"ፈርታ ነው" አሉ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ።
ከነአያቴ ከተጻፈው ስሜ ይረዝማል።
አራት ሰዓት ተኩል ከፍተውኝ ቆዩ።
"ማህፀንሽና አንጀትሽ ተጣብቀው ነበር" አለኝ ስነቃ፣
"እንደ... እንደ..." ምሳሌ ጠፋበት፤
"ምንድን ነው የምትማሪው?"
"ሲቪል ምህንድስና።"
"እንደ ሲሚንቶ!"
ሳቅኩ። ስፌት ሳቅ እንደማይወድ ያን ቀን ተማርኩ።

"ስድስት ሳምንት፣ ከሁለት ኪሎ በላይ እንዳታነሺ።"
የአርማታ መጽሐፌን ናሆም በባለሱቁ የሽንኩርት ሚዛን አስመዘነው፦
ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ።
በምላጭ ለሦስት ከፈለው።
እኔን ሰፉኝ፤ እሱን ማንም አልሰፋውም።

የሬጅስትራሩ ሰውዬ "አንድ ዓመት ብታርፊስ?" አሉኝ፣
ወረቀቴን ለሦስት ወንዶች አዟዙረው ካስነበቡ በኋላ።
አንድ ዓመት ለሳቸው አንድ ቃል ነው፤
ለኔ ግን እናቴ ጉልት ላይ አራት አራት እያረገች
የምትደረድረው ቲማቲም ነው፣ በየጠዋቱ።
"አላርፍም" አልኩ።
ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራይ ነው።

ሲፈን ትምህርቱን በቴሌግራም፣ በድምፅ ትልክልኛለች፤
ሳል አለበት፣ የወንበር ጩኸት፣ የጠመኔ ኳኳታ፣
መሃሉ ላይ መምህሩ፦
"አርማታ አይደርቅም። ይጠነክራል።
ልዩነቱ ያልገባው ቤት አይሥራ።"

በመስኮቴ ትይዩ የተጀመረ ሕንፃ አለ፣
ምሰሶው ጆንያ ለብሶ ቆሟል።
አንዲት የቀን ሠራተኛ ጠዋትና ማታ በባልዲ ታጠጣዋለች፤
ለኛ ቧንቧ ያልመጣ ውሃ ለሱ በቦቴ ይመጣል።
በሰባተኛው ቀን፣ ይላል መጽሐፉ፣
ከአቅሙ ሦስት እጅ ሁለቱን ያገኛል፤
የቀረውን ለቸኮለ አይሰጥም፣
ሃያ ስምንት ቀን ያስጠብቃል።

በሰባተኛው ቀን ፀጉሬን ራሴ ታጠብኩ።
በአስራ አንደኛው አንድ ገጽ አንብቤ እስከ ማታ ተኛሁ።
በአስራ ዘጠነኛው አለቀስኩ፣
ምንም ስላላመመኝ።

በሃያ ስምንተኛው ፈተና ነበር።
ደሙም ያን ቀን መጣ፤ ሒሳብ አዋቂ ነው፣ ቀን አይስትም።
በባጃጅ ሄድኩ። እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ጉድጓድ
በስፌቴ አውቀዋለሁ፣ ካርታውን ልስል እችላለሁ።
ሕመሙን ጠበቅኩት፣ በር ላይ አበዳሪ እንደሚጠበቅ።
መጣ፤ ግን አላወቀኝም መሰለኝ።
ወይም እኔ ነኝ ያላወቅኩት።
አራተኛውን ጥያቄ ሳልነካው ሰዓቱ አለቀ።

ማታ፣ ሰላሳ አምስተኛው ደረጃ ላይ፣
ያቺው ጎረቤት፣ እትዬ ዘርፌ፣ ያው ቢጫ ጀሪካን፦
"ትርፍ አንጀቱ ተሻላት?"
እናቴ ደረጃውን አየች። እኔን አየች።
"ትርፍ አንጀት አይደለም" አለች፣
"ኢንዶ... ሜትሮ..." ምላሷ ተደናቀፈ፤
አልተወችውም፣ በሦስተኛው ጨረሰችው።

እትዬ ዘርፌ ጀሪካኑን አስቀመጠች።
"እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚው" አለች።
"ለልጄ ነው።"